ስለ ልጅ ጨዋታና ስለ አባት ስፍራ

በሶማሌላንድ፣ በሃርጌሳ ከተማ በማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ፣ የዓርብ ስግደት አብቅቶ የቀትሩ ሐሩር ጋብ ማለት በጀመረ ጊዜ፣ የሰፈሩ ልጆች ድንጋዩን ለቅመው ወደ ዳር ከከመሩበት ገላጣ ስፍራ ላይ ይወጡና የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ ኳስ ይጫወታሉ። ከእነርሱም መካከል በጋራዥ፣ በግንበኝነት፣ በምግብ ቤትና በልብስ ስፌት ሥራ እየተዳደሩ በዚህች ከተማ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይገኛሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በሱማልኛ ይጠራራሉ፤ ወላጆቻቸው ግን ከሜዳው ዳር ቆመው በአማርኛ፣ አንዳንዴም በኦሮምኛ ይጮኻሉ። ይህ ጩኸት ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደ ሆነ የሚደረገው ክርክር በሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘወትር የሚነሣ ስለ ሆነ፣ እኔም ነገሩን በሁለት ሰዎች አፍ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። አንደኛው የዐሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ያለው መካኒክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላም በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሸመገሉ መምህር ናቸው።

አባት፦ የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬስ ቀድመውኝ መጡ።

መምህር፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ዓርብ ድምፅህ ከቤቴ ድረስ ተሰምቶኝ ነበርና፣ ጉሮሮህ ድኖ እንደ ሆነ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።

አባት፦ ይሣቁብኝ እንግዲህ! ልጄ ከበረኛው ጋር ለብቻው ተፋጥጦ ሳለ ኳሷን ለጓደኛው ሲያቀብል እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?

መምህር፦ ምን ብለህ ነበር የጮኽህበት?

አባት፦ «ምታ! ምታ አንተ ፈሪ!» ነው ያልሁት። ከዚያ የከፋ ቃል አልወጣኝም።

መምህር፦ በዚያው ቅጽበት አሰልጣኙ ምን ይለው እንደ ነበር ሰምተሃል?

አባት፦ በሱማልኛ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ልብ አላልሁትም።

መምህር፦ እኔ ልብ ብዬዋለሁ። ከጎኑ ያለው ልጅ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ነበርና አሰልጣኙ «ለርሱ ስጠው» እያለ ይጮኽ ነበር። እንግዲህ ልጅህ ዓይኑ ከኳሷ ላይ ሳይነሣ፣ በአንድ ጊዜ በሁለት ቋንቋ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ሰማ፤ አንዱን ቢፈጽም አባቱን፣ ሌላውን ቢፈጽም አሰልጣኙን እንደሚያሳዝን እያወቀ የአሰልጣኙን ፈጸመ፤ ጎሉም ገባ። ጓደኞቹ ተቃቅፈው ሲደሰቱ እርሱ ግን ዞር ብሎ አንተ ወደ ቆምህበት ስፍራ ተመለከተ። ያን ጊዜ ፊቱን አይተኸው ነበር?

አባት፦ አላየሁም፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።

መምህር፦ እኔ አይቼዋለሁ። ስለ ልጅህ ያለኝን ነገር ሁሉ የምናገረው ከዚያ ፊት ተነሥቼ ነው።

አባት፦ የኔታ፣ እርስዎ ልጆችዎን አሳድገው ጨርሰዋልና ነገሩ ይቀልልዎታል። እኔ በሰው አገር ከመኪና ሥር ተጋድሜ የምውለው ለዚህ ልጅ ብዬ ነው። ከዚህ አቧራ የሚያወጣው እግሩ እንደ ሆነ ያየ ሁሉ ይነግረኛል። ደግሞስ ከሱማሌ ልጆች የወጣ የለምን? አብዲሰላም ኢብራሂም የተባለው በማንቸስተር ሲቲ ማልያ ተጫውቶ የለምን? ሯጩ ሞ ፋራህስ የተወለደው ወደ ዋጃሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በገቢሌ አይደለምን?

መምህር፦ መልካም ምሳሌ አመጣህ፤ ግን ጫፉን ብቻ ይዘኸዋልና ከሥሩ እንየው። ያን የገቢሌውን ልጅ፣ ሞ ፋራህን፣ ገና በአራት ዓመቱ ጦርነት አባቱን ነጥቆታል። በ2014 ዓ.ም. ራሱ ለዓለም እንደ ተናገረው፣ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሌላ ልጅ ስም ከጅቡቲ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በሰው ቤት ሕፃናት እየጠበቀ እንዲያገለግል ተገደደ። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜም ልቡ ያረፈው በሩጫ ላይ አልነበረም፤ ምኞቱ ለአርሴናል መጫወት ነበር። የሩጫን ጸጋ ያየበት አለን ዋትኪንሰን የተባለው የስፖርት መምህሩ ነው፤ የደበቀውን የመከራ ምሥጢር ሁሉ ሊነግረው የደፈረውም ለዚሁ መምህር ነበር፤ መምህሩም ነገሩን ለመንግሥት ሰዎች አስታውቆ ከዚያ ቤት እንዲወጣ አደረገው። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ ሁለቱን ወርቁን ያየን ሰዎች ከዚያ በፊት አንድ ብላቴና ምሥጢሩን የሚያዋየው ሰው አግኝቶ እንደ ነበር አናስብም። አሁን እኔ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ልጅህ ነገ አንድ የሚያስፈራ ነገር ቢደርስበት፣ «ፈሪ» ብለህ በሰው ፊት ለጠራኸው ላንተ ይነግርሃልን?

አባት፦ (ዝም ብሎ ቆይቶ) ስለዚህ ተስፋ ማድረጌን ልተው ነው የሚሉኝ?

መምህር፦ ተስፋህን አልነካም። ተስፋህን በልጁ ትከሻ ላይ መጫንህን ነው የምነቅፈው። ልጅህ የቤተ ሰብህን ዕዳ ጭነህ ድንበር የምታሻግርበት በቅሎ አይደለም። አባት በስደት ላይ ሲሆን ይህ ፈተና እጥፍ እንደሚሆንበት አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ያልተፈጸመለትን ሁሉ በልጁ ዕድሜ ሊፈጽመው ይቸኩላል። ያን ችኮላውን የሚጠብቅም ሰው አለ፤ ደላላ ይባላል።

አባት፦ ይህንንስ ማን ነገረዎት? ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ጋራዥ ድረስ መጥቶ፣ ልጁን ወደ ውጭ አገር ለሙከራ እልከዋለሁ፣ ቀብድ ብቻ በስልክ በዛድ ላክልኝ ብሎኝ ነበር።

መምህር፦ ላክህለት?

አባት፦ ገና ነኝ። እናቱ «በእኔ ሬሳ ላይ» አለች።

መምህር፦ እግዚአብሔር ይባርካት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ከዚህ የሚለዩት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ወላጆቹ ራሳቸው ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ መኖሪያቸውን ወደዚያ አገር ሲያዛውሩ ነው። ስለዚህ የዐሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ወስጄ አስፈርመዋለሁ የሚልህ ሰው፣ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ አንተ እንደማታውቀው ያውቃል። ሶማሌላንድም የፊፋም ሆነ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን አባል አይደለችም፤ ቡድኗ በ2008 ዓ.ም. አብካዝያ ድረስ ሄዶ የተጫወተው፣ እንደርሷ የፊፋን በር ያላገኙ አገሮችና ሕዝቦች በሚወዳደሩበት በኮኒፋ ዋንጫ ነበር። ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ክለብ የሚያደርስ የተጠረገ መንገድ የለም። የለም ማለቴ ልጁ አይጫወት ማለቴ እንዳይመስልህ፤ ይልቁንም እንዲህ በመሆኑ ጨዋታው ንጹሕ ጨዋታ ሆኖ ሊቀርለት ይችላል።

አባት፦ የተጠረገው ከሌለ ያልተጠረገውን ይይዛሉ። የዚህ ሰፈር ጎረምሶች በተህሪብ፣ በድብቁ የስደት መንገድ፣ ሲሄዱ አያዩምን?

መምህር፦ አያለሁ እንጂ! የማየውም ያስፈራኛል። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር የሮጠችው የሞቃዲሾዋ ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር፣ የተሻለ አሰልጣኝ ፍለጋ እኛም አገር መጥታ ነበር፤ ከዚያም በሱዳንና በሊቢያ በኩል አልፋ ወደ አውሮፓ ልትሻገር በጀልባ ስትሄድ በሜዲትራንያን ባሕር ሰጠመች። ዓመቱ ያው 2004 ነበር፤ የገቢሌው ልጅ በለንደን ወርቅ ያጠለቀበት ዓመት። የሁለቱንም ስም ለልጅህ ንገረው፤ የአንዱን ብቻ መንገር ግን ልጅን ማታለል ነው።

አባት፦ እሺ፣ ይሁን። ግን አባት ካልገፋ ልጅ የት ይደርሳል? ታላላቆቹ ሁሉ ከኋላቸው የሚገፋ ሰው ነበራቸው ይባላል።

መምህር፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን በስም ታውቃቸዋለህ፤ በምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ የአባቱን ማሲንቆ ካላነሣ የዘር ነውር መስሎ ሊታይ በሚችልበት በዚያ ዘመን፣ ልጃቸው ይድነቃቸው ኳስን መረጡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲቋቋም ገና የዐሥራ አራት ዓመት ብላቴና ነበሩ፤ ከዚያው ክለብ ጋር ጎልምሰው፣ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን አሠለጠኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ኖሩ። አባት በዜማ፣ ልጅ በኳስ ሁለቱም ስማቸውን አቆዩ። የዚያን ዋንጫ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎንም ብታነሣ፣ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር አስመራ ላይ የተወለደ፣ ከሜዳው ዳር የሚጮኽለት አባት ያልነበረው ልጅ ነው።

አባት፦ እንግዲያስ የእኔ ስፍራ የት ነው? ዝም ብዬ ሻይ ልጠጣ?

መምህር፦ ሻይህን እየጠጣህ የምታየው ነገር ብዙ ነው። ለምሳሌ ከጨዋታ በኋላ ልጅህ እንዴት እንደሚራመድ አይተሃል?

አባት፦ ያነክሳል። ቀኝ ተረከዙን አያስረግጥም፤ በጣቱ ነው የሚሄደው። የስንፍና መስሎኝ ተቈጣሁት።

መምህር፦ ከስምንትና ዘጠኝ ዓመት እስከ ዐሥራ አራት ድረስ የሚሮጥ ልጅ ተረከዙን ቢያመው የተለመደ ነው። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ገና አልጠነከረም፤ ከባቱ የሚወርደው ወፍራም ጅማት ደግሞ በሮጠ ቁጥር ይጎትተዋል፤ በደረቅ መሬት ላይ፣ ሶሉ ባለቀ ሸራ ጫማ ሲሆን ይብሳል። ብዙ ጊዜ ዕረፍትና ተረከዙ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይበቃዋል። ሁለት ሳምንት አሳርፈው፤ ካልተሻለው ወይም ካበጠ ሐኪም ይየው። ለእግሩ ሰፊ የሆነ ታኬታ፣ «ያድግበታል» ብለህ ከሳልባጅ አትግዛለት፤ ልኩ የሆነ አሮጌ ጫማ ልኩ ካልሆነ አዲስ ይሻለዋል።

አባት፦ ጫማውን እንኳ ያድግበታል ብዬ ነው የገዛሁት። ስለ ቴስታስ ምን ይላሉ? ከግንቡ ጋር እያጋጨሁ አስለምደዋለሁ።

መምህር፦ ተወው። የአሜሪካ የእግር ኳስ ማኅበር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015፣ ዕድሜያቸው 10ና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስን በጭንቅላታቸው እንዳይመቱ ከልክሏል፤ ከ11 እስከ 13 ያሉትም በልምምድ ጊዜ በልክ እንዲሆን አዝዟል። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ነውና ቢቸኩል የሚያተርፈው የለም። በጭንቅላቱ ላይ ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የደነዘዘ ልጅ ደግሞ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ አሰልጣኙ ቢፈልገው እንኳ አንተ እምቢ በል። ያን ጊዜ መጮኽህን እኔም እደግፋለሁ።

አባት፦ ሌላም ነገር አለ፣ ይህ ግን የእርስዎ ነው። ዓርብ ጾም ነው። እናቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ያውለዋል፤ በዐሥር ሰዓት ጨዋታ ይጀምራል። ባለፈው በሁለተኛው አጋማሽ ዓይኑ ጨለመበት።

መምህር፦ ልጅ ጾምን ከሕፃንነቱ መልመዱ መልካም ነው፤ እኔም በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን ጾም ለነፍስ ረድኤት የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለሥጋ መውደቂያ አይደለምና፣ ልኩን የሚወስነው የንስሐ አባት ነው። አገር ቤት ላሉት አባታችሁ በስልክ ንገሯቸው፤ ለአንድ ሕፃን ሰዓቱን ማሳጠር ይሳናቸዋል ብዬ አላምንም። ጨዋታ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ምስሩን ወይም ሽሮውን በእንጀራ ይብላ፤ ተምር በዚህ አገር ሞልቷል፣ ጥቂት ይጨምር፤ ውኃውን ጠዋትም ሳይቀር እየተጎነጨ ይቆይ፤ ያን ባለ ቀለም ለስላሳ ግን ለውኃ ምትክ አታድርጉት። ይህን ሁሉ ማሰናዳት የናንተ ሥራ ነው። አሰልጣኙ አያስበውም፣ ልጁም አያውቀውም።

አባት፦ ትምህርቱስ? ነጥቡ በዚህ ወሰነ ትምህርት ወርዷል። ኳሱን ልከለክለው አስቤ ነበር።

መምህር፦ ኳሱን ስትከለክለው የሚያገኘውን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፈው አስበሃል? ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። የጥናቱን ሰዓት ከኳሱ አስቀድመህ አስይዘው፤ የማታ መኝታውንም አታዛባበት፤ ነጥቡ ከዚያ በኋላም ካልተነሣ አስተማሪውን ጠይቅ። ኳስን የቅጣት በትር ካደረግኸው ግን፣ ልጁ የሚወደውን ነገር ካንተ መደበቅ ይለምዳል።

አባት፦ አሁን ደግሞ ሌላ የሚያስቸግረኝ አለ። ልጅቱም መጫወት ትፈልጋለች። እንደ ወንድሟ በጨርቅ ኳስ አብዶ ስትሠራ ላያት ሰው ታስደንቃለች፤ ነገር ግን እዚህ ሜዳ ላይ ማውጣት ይከብዳል።

መምህር፦ እዚህ ሜዳ ላይ አታውጣት፤ የአገሩን ወግ በልጅህ ጀርባ አትፈትነው። በትምህርት ቤቷ ቅጥር ውስጥ ከሴቶቹ ጋር የሚጫወቱበት ሰዓት እንዳለ ጠይቅ፤ ከሌለ ሁለት ሦስት እናቶች ሆነው እንዲጠይቁ አድርግ። ወንድሟም በግቢያችሁ ያጫውታት። በጨዋታው የምታገኘው ጤናና ደስታ ከእርሱ አያንስም።

አባት፦ ስለ አገሩ ወግ ካነሣን፣ እኔ እኮ ከነዚህ አባቶች ጋር ቆሜ የማወራው የለኝም። ሱማልኛዬ የጋራዥ ነው፤ የዕቃ ስምና ዋጋ ብቻ።

መምህር፦ ለሰላምታ ይበቃሃል። ልጅህ እኮ በዚህ ሜዳ ላይ በስሙ ይጠራል፤ በመንገድ ላይ ግን «ሐበሻ» ነው። ይህን ልዩነት ልጁ ነግሮህ ባያውቅ እንኳ በሆዱ ያውቀዋል። አንተ ከአሰልጣኙ ጋር ስትነታረክ የምታፈርሰው ያንን ነው። ደግሞስ ይህን አሰልጣኝ ከየት እንደ ሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ? በ1980 ዓ.ም. ይህች ከተማ በአውሮፕላንና በመድፍ ስትፈርስ ሕዝቧ በእግሩ ወደኛ አገር ተሰድዶ በሐርቲ ሼኽ ሰፍሮ ነበር። ዛሬ በዚህ ሜዳ ዳር የምታያቸው በአርባና በአምሳ ዓመት ያሉ ሰዎች ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጅነታቸውን በእኛ አፈር ላይ አሳልፈዋል። ስደትን ካንተ ያላነሰ ያውቁታል። ጠይቀው፤ ሻይም ጋብዘው።

አባት፦ ብጠይቀው ልጄን የበለጠ ያሰልፈው ይሆን?

መምህር፦ እዚህ ላይ ወደቅህ! ስለ ማሰለፍ አንዲት ቃል አትተንፍስ። በዚህ ዕድሜ ሁሉም ልጅ ተራውን መጫወት አለበት ብለህ ለሁሉም ብትናገር እሰማሃለሁ፤ የራስህን ብቻ ስታነሣ ግን እንደ ደላላው ትሆናለህ። ዕድሜውንም እንዳትቀንስለት። አንድ ሁለት ዓመት ቀንሶ ከታናናሾቹ ጋር የሚያጫውት አባት በአገራችንም ብዙ አለ፤ ልጁ ለአንድ ሰሞን ግዙፍ ሆኖ ይታያል፣ ጉልበቱ ሲተካከል ግን ብልሃት ሳይማር ቀርቷል፤ ከሁሉም የሚብሰው፣ አባቱ ሐሰትን በወረቀት ሲጽፍለት አይቷል።

አባት፦ እሺ፣ በቃኝ። ከጨዋታው በኋላስ ምን ልበለው? ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሁሉ የተሳሳተውን እየዘረዘርሁ ነው የምወስደው።

መምህር፦ አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ነግሮታል፤ ራሱም ለራሱ ዐሥር ጊዜ ነግሮታል። አንተ ውኃውን ስጠውና ዝም ብለህ አብረኸው ሂድ። ራሱ ማውራት ከጀመረ አድምጠው፤ ካልጀመረም ስለ ሌላ ነገር አውራ። ሲያሸንፍም በውዳሴ ከንቱ አትስቀለው። «ስትጫወት ማየት ደስ ይለኛል» ብትለው ይበቃል፤ ያሸነፈ ቀን ብቻ ሳይሆን አራት ጎል የገባበትም ቀን በለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 እንግሊዞች ወላጆች በልጆች ጨዋታ ላይ ዳኛና አሰልጣኝ መሆናቸው ቢያስቸግራቸው፣ ከመስመሩ ጀርባ በገመድ ተከልለው እንዲቆሙ የሚያደርግ ሥርዓት አወጡ። የእግር ኳስ አባቶች የሚባሉት እነርሱ እንኳ በገመድ ከታሰሩ፣ እኛ በዚህ የድንጋይ ክምር ጀርባ መቆም አያሳፍረንም።

አባት፦ ብሞክር እንኳ አፌ አይታዘዘኝም፣ የኔታ።

መምህር፦ እንግዲያውስ ከእኔ ጋር ቁም። ሲያምርህ ለእኔ ንገረኝ፤ እኔ በጆሮዬ ዳኛ እሆንልሃለሁ።

ምልልሱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔ ግን አንድ የምጨምረው ልመና አለኝ። በማሕሙድ ሃይቤ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሆይ፣ ከሱማሌ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ፣ ለደላላ የምትሰጡትን ቀብድ ትታችሁ በየወሩ ጥቂት ሽልንግ በዛድ አዋጡ፤ ለሜዳው ሁለት ደኅና ኳስ፣ አንድ ጀሪካን የተጣራ ውኃ፣ ፋሻና ቁስል ማጠቢያ ያለበት አንዲት ሣጥን ግዙ። ልጆቹ ሲጫወቱ ከእናንተ አንዱ በየዓርቡ በተራ ይገኝ፤ መግሪብ ሲደርስም የየራሱን ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ ወላጁ በሥራ የቀረበትንም ጭምር በየቤቱ ያድርስ።